ስፔሻላይዜሽን ከመምረጣችሁ በፊት ካርድ ክፍል ግቡ

በክሊኒካል ሪሰርች (በታካሚዎች ላይ በሚደረግ የሕክምና ምርምር) ወይም ለሱ ቀረብ ባለ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው፣ ሐረር ይሁን ድሬዳዋ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ «ትኩረትህ ምንድን ነው?» መባሉ አይቀርም። አብዛኛው ሰው መልሱን ከዘርፉ ስም ይጀምራል። «ባዮስታት (የጤና ስታቲስቲክስ) ሒሳብ ነው፣ ይከብዳል»፣ «ትራያል (የሕክምና ሙከራ) ፈንድ አለው»፣ «ኤፒ (ኤፒዲሚዮሎጂ፣ የበሽታ ስርጭት ጥናት) የተማረ በዝቷል» ሲባባል ይከርማል። ስሙ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ከስሙ ይልቅ ሁለት ነገር መታየት አለበት፦ ለቴሲስ (ለመመረቂያ ጥናት) የምትፈልጉት መረጃ በእጃችሁ ርቀት መኖሩና የዘርፉ አሰልቺ ሥራ የምትችሉት ዓይነት መሆኑ። እያንዳንዱ ዘርፍ አሰልቺ ሥራ አለው፤ ልዩነቱ የስልችቱ ዓይነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ካርድ ክፍል ነው። ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ የሆስፒታሉን ፈቃድ አውጡ፤ ሕይወት ፋና፣ ጁገል፣ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ የሚቀርባችሁን። ከምታስቡት በሽታ ሪጅስተር (የታካሚዎች መዝገብ) ላይ 20 የካርድ ቁጥር በዕጣ አውጡና ካርዶቹን አስፈልጉ። ለጥናቱ የግድ የሚያስፈልጉ 12 ያህል ተለዋዋጮችን (እንደ ዕድሜና ክብደት ያሉ መረጃዎችን) በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ «ተሞልቷል» ወይም «ባዶ» ብቻ ምልክት አድርጉ። ስምም የካርድ ቁጥርም ወደ ቤት አይወሰድም፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ ገና አላገኛችሁምና የምትሰበስቡት ቆጠራ ብቻ ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ውጤቱ ብዙ ሐሳብ ያስቀይራል። ከ20 ካርድ አራቱ ጭራሽ ካልተገኙ አምስተኛው እጅ ከጅምሩ ጠፋ ማለት ነው፤ የሚጠፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞቱት ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩት ስለሚሆኑ ጉድለቱ በዕጣ የተበተነ አይደለም። ጨቅላ ሕፃናት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ክብደት ተጽፎ የእርግዝና ሳምንት ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍል ደግሞ ካርዱና የኮምፒውተሩ መዝገብ የተለያየ የመጀመሪያ ቀን ሲሰጡ ይታያል፤ የቱ ዋና ምንጭ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ካልወሰናችሁ መረጃ ሰብሳቢዎቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይወስኑላችኋል።

ቀንና ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ የሚበላሸው ጥናት ብዙ ነው። ሪጅስተሩ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስታስገቡ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ በዝምታ ወደ ተራ ጽሑፍ ይቀይረዋል። ጳጉሜ 3ን 3/13 ብትሉት፣ የኮምፒውተሩ አቀማመጥ ወር ከቀን ከሆነ፣ ማርች 13 አድርጎ ይቀበለዋል። አንዱ ሰብሳቢ በኢትዮጵያ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ የሰባትና የስምንት ዓመት ክትትል ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ታገኛላችሁ፤ ይኼኛው እንኳ ዓይን ስለሚወጋ ይታረማል። የማይታየው ስህተት የከፋ ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን አድርጎ መቀናነስ በወር አንድ ቀን ያህል ያዛባል፤ በ28 ቀን ውስጥ የሚከሰት ሞት ለሚያጠና ሰው አንድ ቀን ብዙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያዩ አምዶች ይግቡ፤ ቅየራው በአንድ ቀመር፣ በአንድ ሰው፣ በመጨረሻ ይሠራ። ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜ 6 መኖሯን ቀመሩ ማወቅ አለበት።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ነርሷ ሕፃኑ የገባበትን 3:00 ብላ ትጽፋለች፤ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው። ሐኪሙ የሞተበትን 11:00 ይላል፤ እሱ በፈረንጅ ነው። እውነተኛው ልዩነት ሁለት ሰዓት ሲሆን ሶፍትዌሩ ስምንት ይላል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ሞት ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቅጹ ላይ «በሀገር ቤት» እና «በፈረንጅ» የሚል ሳጥን ይኑር። እንዲህ ያለውን ነገር ስታነቡ «ይህማ ደስ የሚል እንቆቅልሽ ነው» ካላችሁ ዳታ ማኔጅመንትን አስቡበት፤ ራሳችሁን ካመማችሁ ደግሞ እሱም ጥሩ መረጃ ነው።

ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ወይም የ423 አገር

የአገራችንን ቴሲስ ያገላበጠ ሰው 384 እና 423 የሚባሉትን ቁጥሮች ያውቃቸዋል። ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ፣ በ5 በመቶ የስህተት ክልል፣ 1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) ተይዞ ሲሰላ 384 ይመጣል፤ በዚህ ላይ መልስ የማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 423 ገደማ። ቀመሩ አልተሳሳተም። የሚሳሳተው ጥያቄው ነው፤ ይህ ቁጥር አንድን ስርጭት ለመገመት እንጂ «ተያያዥ ምክንያቶችን» ለመለየት የተሠራ አይደለም። ርእሳችሁ ላይ «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ካለ ሁለተኛው ክፍል የራሱ ስሌት ይፈልጋል። ቀበሌ መርጣችሁ ቤት ለቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት መመሳሰል አለ፦ በቀበሌ 20 ሰው፣ የመመሳሰል መጠኑ 0.02 ቢሆን ማባዣው 1.38 ነው፤ 384ቱ ወደ 530 ይጠጋል። «ማባዣውን 2 አድርገው» የሚለው የቢሮ ምክር ስሌት ሳይሆን ልማድ ነው።

ሌላው ልማድ በአንድ በአንድ ትንተና ፒ ቫልዩው (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመታየት ዕድል) ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ዋናው ሞዴል መክተት ነው። ይህ መንገድ ሶፍትዌሩ እንዲያስብላችሁ መፍቀድ ነው። የትኛው ተለዋዋጭ እንደሚገባ መወሰን ያለበት ከመረጃው በፊት፣ በወረቀት ላይ፣ ምን ምንን እንደሚያስከትል ሥዕል ተሥሎ ነው። ኦድስ ሬሾውም (ችግሩ ካለባቸው ወደሌለባቸው ያለው ጥምርታ በሁለት ቡድን ሲወዳደር) እንዲሁ፦ በአንዱ ቡድን 60 በመቶ፣ በሌላው 40 በመቶ ላይ ችግሩ ካለ የስርጭቱ ንጽጽር 1.5 ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይላል። «በ2.25 እጥፍ የበለጠ ይጋለጣሉ» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ፈታኝ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ እናንተ ግን አትጻፉት።

ኤፒን የሚመርጥ ሰው በምሥራቅ የሚያገኘው የመስክ ሀብት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 በቀርሳ የጀመረው የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አለ፤ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ከቤት ቤት የሚመዘገብበት። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ወባ በማይጠበቅበት በበጋ ወር ተነሥቶባት ምርመራው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለዋን፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባውን ትንኝ ጠቁሟል። በየቤቱ በርሜልና ታንከር ባለበት ከተማ ይህ ጥያቄ ገና አላለቀም። ወረርሽኝ ግን የእናንተን የቴሲስ ቀን አይጠብቅም፤ ርእሳችሁን በሚመጣ ወረርሽኝ ላይ አትመሥርቱ፣ በተመዘገበ ላይ ይሁን።

የአካባቢው ልዩ ወጥመዶችም አሉ። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ከሰዓት በኋላ የተለካ ግፊት ከጠዋቱ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ «ይቅማሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ለመጨረሻ ጊዜ የቃሙት ከስንት ሰዓት በፊት ነው?» የሚል ጥያቄ ይኑር፤ ልኬቱም ጠዋት ይሁን። በረመዳን የስኳር መድኃኒት ሰዓት ስለሚቀየር የስኳር ጥናት ወሩን መዝግቦ መያዝ አለበት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋሉ፤ በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ ከሄሞግሎቢን ላይ የሚቀነሰው ለመጀመሪያው 0.8፣ ለሁለተኛው 1.1 ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ሁለቱን ከተሞች ሳያስተካክል ያወዳደረ ሰው የደም ማነስን ልዩነት ሳይሆን የመንገዱን ዳገት ለካ።

ክሊኒካል ትራያል

ስሙ የሚማርከው ይህ ነው፤ ሥራው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ወረቀት ያለበት። አንድ ቀላል ስሌት በጊዜ ቢሠራ ብዙ ሰው ከከንቱ ድካም ይድን ነበር። አንድ ችግር አሁን 20 በመቶ ታካሚ ላይ ይደርሳል እንበል፤ አዲሱ ዘዴ ወደ 10 በመቶ ያወርደዋል ብላችኋል። በ80 በመቶ ኃይል (ልዩነቱ በእውነት ካለ የመታየት ዕድል) በየቡድኑ 200 ሰው ገደማ፣ በድምሩ 400፣ የሚጠፉት 10 በመቶ ሲታሰብ ወደ 445 ያስፈልጋል። ዋርዱ በወር 15 ብቁ ታካሚ ቢያይና 60 በመቶው ቢስማማ በወር ዘጠኝ ሰው ታገኛላችሁ። አራት ዓመት ይፈጃል። የሁለት ዓመት ማስተርስ አይችለውም።

ታዲያ ትራያል የሚወድ ተማሪ ምን ይሥራ? በሚካሄድ ትልቅ ጥናት ውስጥ የጎን ጥያቄ መያዝ ይቻላል፦ ተሳታፊዎች የስምምነት ቅጹን ምን ያህል ተረዱት፣ ቀጠሮ ያቋረጡት ለምን አቋረጡ፣ መድኃኒቱ በትክክል ተወስዷል ወይ። የአዋጭነት ሙከራም ጥሩ ቴሲስ ነው፤ ዓላማው መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም ማለት ሳይሆን በወር ስንት ሰው እንደሚገኝ፣ ስንቱ እንደሚጸና መለካት ነው። የአዋጭነት ሙከራ ላይ ፒ ቫልዩ አውጥቶ «ውጤታማ ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

ዘርፉን የሚመርጥ ሰው የፈቃዱን ሰንሰለት ያጥና። የተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ ብሔራዊው አለ፤ መድኃኒት ካለበት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አለ። ናሙና ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ውል ይጨመራል። የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የጥናቶች መዝገብ መመዝገብ አለበት፤ ለአፍሪካ የተዘጋጀው ፓክትር ይባላል። ዘግይቶ የተመዘገበ ጥናት ብዙ መጽሔት አይቀበለውም፤ ይህ ስህተት ወደኋላ አይታረምም። የጂሲፒ (የመልካም ክሊኒካል አሠራር) መመሪያው አዲሱ እትም፣ ሦስተኛው ማሻሻያ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ጸድቋል፤ የድሮ ሰርተፊኬት ይዛችሁ ከሆነ አድሱ።

በመስክ ላይ የሚበላሸው ትንንሹ ነው። ደም ከተቀዳ በኋላ የተፈረመ ስምምነት። ኮሚቴው ባጸደቀው አዲስ ቅጽ ፈንታ መሳቢያ ውስጥ በቀረ አሮጌ ቅጽ የተፈረመ። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ አድርጎ ገለልተኛ ምስክር ያልፈረመበት። ምስክሩ የጥናቱ ሠራተኛ የሆነበት። እዚህ ቅጹ ቢያንስ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ እንደ ቦታው በሶማሊኛም በሐረሪም ያስፈልጋል፤ ተርጉሞ ማተም ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው መልሶ እንዲተረጉመው ማድረግ ግድ ነው። «በዕጣ መመደብ» የሚለው ቃል ብቻ ስንት ጊዜ «ዕድለኛ መሆን» ሆኖ ተመልሷል! አንዲት ሴት ከቤተሰቧ ጋር ልማከር ካለች ጊዜ ይሰጣታል፤ ፊርማው ግን የሷ ነው።

የመድኃኒት ማከማቻ ለድሬዳዋ የራሱ ምዕራፍ ነው። «ከ30 ዲግሪ በታች» የተባለ መድኃኒት ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል ከተቀመጠ በዚያ ሙቀት ከተፈቀደለት የዲግሪ ክልል ይወጣል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልገውማ መብራት በጠፋ ቁጥር ያሰጋል። ሙቀቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ ይመዘገባል። ክልሉን ካለፈ መድኃኒቱ አይጣልም፣ አይሰጥምም፤ ለብቻው ተለይቶ ለስፖንሰሩ (ጥናቱን በኃላፊነት ለሚያስኬደው ድርጅት) ይነገራል፤ ውሳኔው የእነሱ ነው። ከባድ ጉዳት ከደረሰ ሪፖርቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሄዳል፤ «ከመድኃኒቱ አይመስለኝም» ብሎ ማቆየት የተመራማሪው ሥልጣን አይደለም።

ተሳታፊን መልሶ ማግኘትም ሙያ ነው። የቤት ቁጥር ተስፋ የለውም። «ፈላና በር አጠገብ»፣ «ገንደ ቆሬ፣ ከመስጊዱ ጀርባ»፣ ሰፈር የሚያውቃቸው ስም፣ ከራሳቸው ሌላ ሁለት ስልክ ይመዝገብ፤ ሲም መቀየር የተለመደ ነውና።

ባዮስታትና ዳታ

«ሒሳብ ነው» የሚለው ፍርሃት ከልክ አልፏል። ማስተርስ ላይ የሚያስቸግረው ቀመሩ ሳይሆን ጽዳቱ ነው፤ ትንተናው ሁለት ሳምንት፣ ጽዳቱ ሦስት ሳምንት ይወስዳል ብላችሁ አቅዱ። ሬድካፕም ሆነ ኮቦ በሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌሮች ላይ ቅጽ ስትሠሩ የዕድሜ፣ የክብደት፣ የቀን ገደብ አስገቡ፤ ግን ገደቡን አታጥብቁት፣ የ600 ግራም ሕፃን በእውነት ይወለዳል። ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ስም ለማዛመድ ስትሞክሩ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሐመድ ይገጥሟችኋል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለኮምፒውተር ሦስት ፊደላት ናቸው። በስም ብቻ አታዛምዱ። የእናት ስም፣ ቀበሌና የትውልድ ዓመት ይጨመር። ከትንተና ሶፍትዌሮች ስታታ ወይስ አር የሚለው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው፤ አማካሪያችሁ በሚያነበው ሥሩ፣ ትእዛዙን ግን በፋይል አስቀምጡ። በመዳፊት ጠቅ እያደረጉ የተሠራ ትንተና ፈታኝ «ድገመው» ሲል አይደገምም።

የመዳን ትንተና (እንደ ሞት ያለ ክስተት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ማጥናት) ለሚያስቡ አንድ ቁጥር ያስታውሱ፦ ኃይሉን የሚሰጠው የሰው ብዛት ሳይሆን የክስተቱ ብዛት ነው። በእኩል ሁለት ቡድን፣ አደጋውን በግማሽ የሚቀንስ ልዩነት ለማየት 65 ክስተት ገደማ ያስፈልጋል። 600 ካርድ ገልብጦ 18 ሞት ያገኘ ሰው በ12 ተለዋዋጭ ሞዴል መሥራት የለበትም።

የቀሩትን ባጭሩ። ላብራቶሪ ተኮር ምርምር የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሪኤጀንቱ (የምርመራ ኬሚካሉ) መቼ እንደሚገባ ይጠይቅ፤ ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ የቆየ ደም ውስጥ ግሉኮስ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፣ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። ጥራታዊ ጥናት (በቁጥር ሳይሆን በቃለ መጠይቅ የሚሠራው) ለብዙዎች ቀላል ይመስላቸዋል፦ 45 ደቂቃ የሚፈጅ 15 ቃለ መጠይቅ 11 ሰዓት ድምፅ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ድምፅ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጽሕፈት ብትይዙ ከ45 እስከ 67 ሰዓት፣ ትርጉሙ ሳይቆጠር። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የምትችሉ ግን እዚህ ዘርፍ ላይ በገንዘብ የማይገዛ ጉልበት አላችሁ። በሕፃናት ሞት ምክንያት ላይ በሐረርና በቀርሳ የሚሠራው የቻምፕስ ሥራ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከአስከሬን ናሙና የሚወሰደው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ቀብር ቶሎ በሚፈጸምበት አገር ቤተሰብን በሐዘን መካከል በአግባቡ ማነጋገር ሳይንስም አደብም ይጠይቃል። ፋርማሲ የተማሩ የመድኃኒት ደኅንነት ክትትልን ይመልከቱ፤ የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫው ቅጽ በየዋርዱ አለ፣ የሚሞላው ጥቂት ነው፤ ለምን እንደማይሞላ ራሱ ርእስ ይሆናል። ሲስተማቲክ ሪቪው (የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦ መገምገም) «መስክ መውጣት የለበትም» ተብሎ ይመረጣል፤ የጥናቶቹ ውጤት አለመመሳሰል መለኪያ ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን በአንድ ቁጥር ማጠቃለል ምን እንደሚረዳ ግን ጠይቁ።

አማካሪው

ዘርፍ ከአማካሪ አይለይም። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር በአክብሮት ጠይቁ፦ በዚህ ዓመት ስንት ተማሪ ይዘዋል? ረቂቅ ሲደርስዎት በስንት ሳምንት ይመልሳሉ? በዚህ ዘዴ ራስዎ የሠሩት ጥናት አለ? መረጃው የማን ነው፣ እኔስ በጽሑፍ ፈቃድ አገኛለሁ? ያለፈ ዓመት ተማሪያቸውንም በሻይ ሰዓት ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ ከሲቪ የማይገኘው እዚያ ይገኛል። አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የክትትል ጣቢያም ሆነ የፕሮጀክት መረጃ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ «ይሰጥሃል» የሚል የቃል ተስፋ ፕሮፖዛል ዲፌንስ አልፎ መረጃው ሲዘገይ አያድንም። የደራሲነት ቅደም ተከተልም ያኔውኑ ይጻፍ።

ከዚያ ከመመረቂያው ዲፌንስ ወደኋላ ቁጠሩ፦ ለመጻፍ ስምንት ሳምንት፣ ለትንተና ሁለት፣ ለጽዳት ሦስት፣ ለመረጃ ስብሰባ ስምንት፣ ለሥልጠናና ከናሙናው በ5 በመቶው ላይ ለቅድመ ሙከራ ሁለት። ኮሚቴው አስተያየት ሰጥቶ የሚመልስበትን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዙር ጨምሩ። የመረጃ ስብሰባው ስምንት ሳምንት ረመዳን ላይ፣ ወይም ሰው ሁሉ ማሳ በሚውልበት የአጨዳ ወቅት ላይ ከወደቀ፣ ከወዲሁ ወደ ሌላ ጊዜ አዛውሩት።